ማሩ ለምን ለገመ

ኬዲቦኔ መርፌ ቁልፉን ከፈተችና ጫፉን ወደ ታች አድርጋ ፈረሱ ጀርባ ላይ ታጥፎ በተነጠፈው ብርድ ልብስ ውስጥ ሰካችው። ኮርቻውን ከላይ ጫነችበት። ፈረሱ ማሩ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። የሚወጋው ሰው ሲቀመጥበት ነው፤ እሷም የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር።

ከታች ሜዳው ላይ መንደሩ በሙሉ ለፈረስ ውድድር ወጥቷል። በሌሶቶ አገር፣ ባሶቶ ሆኖ ይህን ቀን ቤቱ የሚውል የለም፤ የታመመው ሳይቀር ብርድ ልብሱን ተከናንቦ መጥቷል።

ባለፈው እሑድ በሙከራው ቀን የተሳቀባት እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ማሩን ከውርንጭላነቱ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች፣ በውድድሩም የምትወጣበት እሷ ነበረች። እንደ ልማዱ ከኮርቻው ሥር ብርድ ልብስ ሲነጠፍ የአጎቷ ልጅ ጼሊሶ ከላዩ የለበሰውን አውልቆ ሰጣት። ወጣችበት። ማሩ ግን ለገመ። ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ በተረከዟ ብትጎስመው ወይ ፍንክች! ጼሊሶ እየሳቀ መጥቶ በአለንጋ ሞሸለቀው።

«ፈረሱ እንኳ ሙድ ያዘብሽ እኮ! በቃ ውሃ ቅጂበት!» አላት።

ሰዉ አውካካ። በአክብሮት ንታቴ፣ ማለትም አባት፣ የሚባሉት የፈረሱ ባለቤት አጎቷ ሞሃፒ ሳቁ ሳያባራ ማሩን ለልጃቸው ለጼሊሶ ሰጡት፤ እስከ ውድድሩ ይረፍ ብለውም አዘዙ።

ከወረደች በኋላ ግን ማሩ ስትስበው ዝም ብሎ ተከተላት። ነገሩ ከነከናት። እግሩን ካላመመው፣ ሰው ሲቀመጥበት ብቻ ለምን ይቆማል? ቤት ደርሳ ኮርቻውን አወረደችና ጀርባውን ዳሰሰች። አንድ ቦታ ስትነካው ቆዳው ተርገፈገፈ፤ ጣቷ ላይ ደም አየች። ብርድ ልብሱን ስትዘረጋው ጼሊሶ አንገቱ ላይ የሚያያይዝበት ትልቁ መርፌ ቁልፍ እጥፋቱ ውስጥ ተከፍቶ አገኘችው።

ሆን ብሎ ነው! ደሟ ፈላ። ለማንም አልተናገረችም፤ ብትናገር «ሰበብ ፈጠረች» ይሏታል። ደግሞ መናገር ብቻ አያረካትም። እሱም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲዋረድላት ፈለገች። ብርድ ልብሱን መለሰችለት፣ መርፌውን አስቀረችው። ሳምንቱን ሙሉ ሲሳቅበት እያሰበች ትደሰት ነበር።

አሁን ጼሊሶ ብርድ ልብሱን አንገቱ ላይ በሽቦ አስሮ መጣ።

«ኬዲ፣ መርፌ ቁልፌን አላየሽም? ብርድ ልብሴን ካዋስኩሽ ወዲህ የለም። ንታቴ የአያትህን ዕቃ ጣልክ ብለው ሊገሉኝ ነው። ቤቱን ሙሉ አተራመስኩት።»

ፊቱን አየችው። የምሩን ነው። ረስቶት እንጂ ደብቆት አይደለም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት፤ ሳምንት ሙሉ ስትጠላው የከረመችው ተንኮለኛ አንድ ዝርክርክ ልጅ ሆኖ ቀረ። አለንጋውን ግን አልረሳም፤ ይዞታል።

እግሩን እርካቡ ውስጥ አስገባ። ማሩ ከባለፈው ቁስሉ ገና ሳያገግም፣ መርፌውን የሰካችበት እሷ ራሷ ናት። ሲለግም የሚገረፈውም ያው ፈረሱ ነው።

«ቁም! እንዳትወጣ!»

«ምነው? ቀናሽ እንዴ?»

ጠፍሩን ፈታ ኮርቻውን አነሳችና መርፌውን መዥርጣ አወጣችው።

«ያን ቀን ከሥሬ ነበር። ማሩ የለገመው ለዚህ ነው። ዛሬ ደግሞ እኔ ነኝ የሰካሁት። እንዲሳቅብህ።»

ጼሊሶ እጁን ሰዶ ጀርባውን ሲነካ ማሩ ተሸማቀቀ፤ እሱም እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

«እኔ እኮ... መታሁትም» አለ።

«አዎ፣ መታኸው።»

አላሳዘናትም። አሁንም ቢሳቅበት ደስ ይላት ነበር። ከሜዳው ተወዳዳሪዎችን መጥራት ጀመሩ።

«ንታቴን ምን ልንላቸው ነው?»

«አንተ የረሳኸውን ትነግራቸዋለህ። እኔ ያደረግሁትን እነግራቸዋለሁ። ማሩ እስኪድን ማንም አይወጣበትም፤ እኔም ብሆን።»

መርፌውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት፣ አለንጋውን ተቀበለችው። ማሩን ያለ ኮርቻ እየሳበች ወደ ሰዉ ቁልቁል ወረደች። ገና ከሩቅ አንዱ አይቷት ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጉንጯ ጋለ፣ ግን መንገዷን ቀጠለች።

ጼሊሶ ኮርቻውን ተሸክሞ ከኋላዋ ደረሰባት።