የእታለማሁ ብርድ

በአዋሽ ግርጌ ከተማ ደመወዝ የሚከፈለው በብርድ ነበር። ወር ሲደርስ የሠራተኛው ድርሻ ወደ ቤቱ ይለቀቃል። ግድግዳው ውስጥ በተቀበረው ቱቦ ቅዝቃዜው እየተንሿሿ ሲገባ ልጆች ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ይስቃሉ፤ እናትም «በቃ፣ ዝጉት፤ ለነገም ይትረፈን» ትላለች። ገንዘብ የሚባለው ነገር ፈጽሞ አልጠፋም፤ ጨውና ሳሙና ይገዛበታል። ነገር ግን ውሃ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ በሚፈላበት በዚያ ቆላ፣ ሰውን ከአንዱ ዓመት የእሳት ወራት ወደ ሌላው የሚያሻግረው ብርድ ብቻ ነው። እገሌ ሀብታም ነው ከተባለ ቤቱ ይበርዳል ማለት ነው።

ተርፎ ያልተለቀቀው ብርድ ከከተማው ሥር በተቆፈረው ጎተራ በረዶ ሆኖ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሠራተኛ እዚያ በስሙ የተሰየመች አንዲት ክፍል አለችው። ስድሳ ዓመት ሞልቶት ከሥራ ሲሰናበት፣ የቀረውን ዕድሜ የሚኖረው ከዚያች ክፍል እየቆነጠረ ነው። በረዶው ካለቀ በኋላ ምን እንደሚሆን በአደባባይ የሚያወራ የለም። ያረጀ ልብ የእሳት ወራትን ያለ ብርድ እንደማይችለው ግን ሁሉም ያውቃል።

ማን ምን ያህል ማስቀመጥ እንዳለበት የሚወስነው ልከኛ ነው። ልከኛ ሰውን አስቀምጦ፣ ኑሮውን ጠይቆና ቃሉን ሰምቶ፣ በገቢው ልክ ሊደርስበት የሚችለውን የጡረታ ግብ የሚቆርጥ ማሽን ነው። የተሠራው ባሕር ማዶ ነው፤ አማርኛውን የተማረው እዚሁ ነው። ሰውየው በራሱ ቁጠባ ግቡ ላይ መድረስ ካልቻለ ጉድለቱን ከተማው ከራሱ በረዶ ይሞላለታል። ይህ ማሟያ ይባላል። ግቡ ትልቅ የሆነ ሰው ትልቅ ማሟያ ያገኛል፤ ግቡ ትንሽ የሆነ ደግሞ ያው ትንሽ።

አምሳሉ የልከኛ አዳማጭ ነበር። ሳል የቆረጠውን፣ ለቅሶ የዋጠውን፣ የአገር ቤት አነጋገር የጠመዘዘውን፣ ማሽኑ ያልገባውን ድምፅ ሁሉ ወደ እሱ ጠረጴዛ ይልከዋል። እሱም አማትቦ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደርግና ተናጋሪው ምን ለማለት እንደፈለገ በአጭሩ ይጽፍለታል። ሥራው ትዕግሥት ነው። ሰው የልቡን የሚናገረው ብዙ ጊዜ ተናግሮ የጨረሰ ከመሰለ በኋላ ነውና፣ ዝም ብሎ መቆየት ያስፈልጋል።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የመጣለት ድምፅ ግን ጥርት ያለ ነበር። ከሥሩ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ነበረ፦ «ተናጋሪዋ ምንም አልጎደለኝም ብላለች። ክፍሏ ውስጥ ያለው በረዶ ግን ለሁለት የእሳት ወራት ብቻ ይበቃል። ጡረታ የምትወጣው በዚህ ወር ነው። ስሕተቱ የት ነው? ቃሏ ላይ ነው ወይስ ጎተራው ላይ?»

ድምፁን ከፈተው። ሠላሳ ዓመት የቆየ ድምፅ ነው።

«እንደምን ነዎት? የሚጎድልዎት ነገር አለ?» ይላል ልከኛ።

«ተመስገን፣ ምን ይጎድለኛል። እግዜር ሁሉን ሰጥቶኛል።»

«ሲያረጁ የሚጦርዎት ሰው አለ?»

«ሞልቶ። ወንድም አለኝ፣ ጎረቤት አለኝ። እኔ ሀብቴ ሰው ነው።»

አምሳሉ ማዳመጫውን አወለቀ። እታለማሁ ናት፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ። ከከተማው ውጭ፣ ሜዳውን የሞሉትን የፀሐይ መስታወቶች ስታጥብ ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። ከአጣቢ ያነሰ ደመወዝ በከተማው የለም።

ቀስ ብሎ የሌሎቹን አጣቢዎች ድምፅ እያወጣ ሰማ። ሁሉም «ተመስገን» ነው። ሁሉም «ምን ይጎድለኛል» ነው። ልቡ ሲጠረጥር ደግሞ መስታወቶቹን ለከተማው የሚያስመጣውን ነጋዴ፣ የአቶ ገብረየስን ድምፅ አወጣ። በዚያ ሰው ሳሎን እንግዳ ጋቢ ሳይደርብ አይቀመጥም ይባላል።

«ምን አለኝ ብለህ ነው ልጄ፣ ስም ብቻ ነው። ሰው ሲያየኝ ያለኝ ይመስለዋል። ዘመዱ፣ ወጪው፣ ዕዳው… እየተንገዳገድኩ ነው።»

አምሳሉ ሳያስበው ፈገግ አለ። ይህን ዜማ የማያውቅ ያገር ሰው የለም። ያለው ሰው ዓይን ይፈራል፣ ዘመድ ይፈራል፤ ስለዚህ አለኝ አይልም። የሌለው ንቀት ይፈራል፣ ፈጣሪውንም ማማረር ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ የለኝም አይልም። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ቃል በሆዱ ገልብጦ ይሰማና በሰላም ይተላለፋሉ። ልከኛ ግን የሰው አገር እንግዳ ነው፤ ሁለቱንም አመናቸው። ለአጣቢዋ ትንሽ ግብ፣ ለነጋዴው ትልቅ ግብ ቆረጠ። ማሟያውም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽቅብ ሲፈስ ኖረ።

ወደ ኃላፊዋ ወደ ዮዲት ቢሮ ገባ። ዮዲት በዕድሜ ልጁ ልትሆን የምትችል፣ ንግግሯ የተቆጠበ ሴት ናት። እስኪጨርስ ሰማችው።

«ይህን ከደረስኩበት ዓመት አልፎኛል፣ ጋሽ አምሳሉ» አለችው።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ በረዶው ሄዷል። የነጋዴዎቹን ክፍሎች ባስከፍት የማገኘው የተረፈውን ነው። በየሠርጉ፣ በየድግሱ አቅልጠውታል። የቀለጠ በረዶ ተመለስ ይባላል?»

«ግቡስ አይታረምም?»

«ይታረማል። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ በገዛ አፉ ይጎድለኛል ካለ ልከኛ እንደገና ይቆርጥለታል። እኔ ብሆን ግን አላመጣቸውም።»

«ለምን?»

«ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ» አለችና ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ከዚያ በላይ አልጠየቃት። ተስፋ የያዘ ሰው ጥያቄ አያበዛም።

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ እህቱ ቤት ሄደ። እታለማሁ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የተሰነጠቀ ተረከዟን ቅባት ትቀባ ነበር። ሲመጣ እንዳየችው ተነሥታ ገባችና የብርዱን መክፈቻ ጠመዘዘች።

«ተይው እትዬ፣ ለእኔ ብለሽ አታባክኚ።»

«እንግዳ ሲመጣ ነው የምከፍተው። ልትከለክለኝ ነው?»

ነገሩን አንድ በአንድ ነገራት። ስትሰማ ቆይታ ሳቀች።

«ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ አይደል። እና አሁን በስተርጅናዬ ሄጄ ማሽን ልለምን?»

«ልመና አይደለም። እውነቱን መናገር ነው።»

«እውነቱንማ ያኔ ተናግሬያለሁ። ምንም አልጎደለኝም ነበር። ጉልበቴ ደህና፣ አንተ ተማሪ። ማታ ማታ ብርዱን ስከፍትልህ መጽሐፍህን እንደያዝክ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር። ያንን ላስቀምጥ ነበር?»

አምሳሉ አቀረቀረ። «እንግዲያው ከእኔ ጋር ኑሪ» አላት።

«የአንተስ ክፍል ለማን ይበቃና? ሁለት ሽማግሌ ባንድ ቁራጭ በረዶ። አብረን እንሙት በለኝ፣ እሱ ይሻላል።»

«እትዬ፣ ሁለት የእሳት ወራት ነው ያለሽ። ከዚያስ?»

ይህን ጊዜ አልሳቀችም። የቅባቱን ክዳን አጥብቃ ዘጋችው። «እኔ ካልሄድኩ አብረውኝ የሚያጥቡት እነድንቄም አይሄዱም» አለች በመጨረሻ። «ድንቄ ደግሞ ከእኔ የባሰባት ናት። እሺ፣ ለእነሱ ስል።»

በማግሥቱ አምስት አጣቢዎች ጃንጥላቸውን ይዘው፣ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ከልከኛ ክፍል ውጭ ባለው አገናኝ መንገድ ግድግዳ ጥግ ተሰለፉ። ድንቄ ከሁሉም ታጥራለች፤ አፏ ግን አያርፍም። «ማሽኑ ቆንጆ ነው እንዴ? ባል ካጣሁ እሱንም ቢሆን አልጠላም» ብላ ሌሎቹን ታስቃለች። እታለማሁ ቀድማ ገባች። አምሳሉ ክፍሉን ለሁለት ከሚከፍለው መስታወት በስተጀርባ ተቀምጦ ማዳመጫውን አደረገ።

«እንደምን ነዎት?» አለ ልከኛ።

«ተመስ…» ብላ አቋረጠችው። ወደ መስታወቱ ተመለከተች። አምሳሉ ራሱን ነቀነቀላት። «ይጎድለኛል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማት የፈራች ይመስል።

«ምን ይጎድልዎታል?»

አንዱ ቃል ሌላውን እየሳበ መጣ። የፀሐይ መስታወቶቹ ነጸብራቅ ዓይኗን ካደከመው ቆይቷል፤ ፊደል አትለይም። ጉልበቷ አይታዘዝላትም። ቤቷ የሚቀዘቅዘው እሑድ ለጸሎት ስትቀመጥ ብቻ ነው። አንዳንድ ሌሊት ልቧ እንደ ወፍ ይርገበገብና እስኪነጋ ግድግዳውን በመዳፏ ትደባብሳለች። ወንድሟ ይህን እንዳይሰማ ነበር የምትፈልገው፤ እሱ ግን እያዳመጠ ነው።

ልከኛ ወዲያው መለሰ። «አመሰግናለሁ። አሁን ቃልዎ ከጎተራው ጋር ተስማምቷል። በደመወዝዎ ልክ ሊደርሱበት የሚችሉት ግብ የለም።»

«አልገባኝም የኔ ልጅ።»

«ከመጀመሪያው የሥራ ቀንዎ ጀምሮ የተከፈለዎትን ብርድ በሙሉ ቢያስቀምጡ እንኳ ለእርጅናዎ አይበቃም ነበር። የቀድሞው ግብ የተቆረጠው ምንም አልጎደለኝም ስላሉ ነው፤ ተሰርዟል። ማሟያ የሚሰጠው ግብ ላለው ሰው ነው። ያለዎት የሁለት የእሳት ወራት በረዶ እንዳለ ይቆያል።»

አምሳሉ የዮዲት ሒሳብ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው። ስሕተቱ ሲነቀል ከሥሩ ይገኛል ብሎ የጠበቀው ትክክለኛ ቁጥር አልነበረም። እንደነዚህ ላሉ ሰዎች በዚያ ከተማ የተቆረጠ ግብ ድሮም የለም። እታለማሁን ሠላሳ ዓመት ያስተኛት፣ ማሽኑ ተመስገን ስትል አምኗት የሰጣት ያ የውሸት ቁጥር ነበር። አሁን ራሱ አምሳሉ መጥቶ ያንኑ ነጠቃት።

እታለማሁ ወዲያው አልተነሣችም። አምሳሉ ግን ማዳመጫውን አውልቆ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ነበር። ቀና ሲል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ አየ፤ ከዚያም እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ዝም ብላ ተቀመጠች። ጸሎት ይሆናል ብሎ አሰበ። ወይም ጉልበቷ። በመጨረሻ ጃንጥላዋን ተመርኩዛ ተነሣችና ወጣች። በሩ ክፍት ስለነበር ሴቶቹ ሲከቧት ይሰማል።

«ምን አለሽ?»

«ደህና አነጋገረኝ» አለች እታለማሁ። «ስድብ አያውቅም። ነይ ግቢ ድንቄ፣ ለአንቺ ምን እንደሚል አይታወቅም።»

ያን ጊዜ አምሳሉ ጠረጴዛ ላይ ከልከኛ አዲስ ድምፅ ደረሰ። «ተናጋሪዋ ግቧ ከተሰረዘ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቃለች። ስለ ማን እንደጠየቀች አልታወቀም።»

አማተበና ከፈተው።

«አንተስ ልጄ?» ይላል የእህቱ ድምፅ። «ሌት ተቀን የሰው ችግር ስትሰማ የምትውል የምታድር። አንተን መቼ ነው የሚያሳርፉህ?»

ከዚያ ዝምታ ነው። አምሳሉ እንደ ልማዱ ታገሠ። ትንፋሿ ይሰማል። ወንበሩ ይንቋቋል። ከውጭ የድንቄ ሳቅ ይመጣል። ዝምታው ረዘመ። ያን ጊዜ ነው የገባው፤ እህቱ አልጸለየችም፣ ጉልበቷም አልነበረም። መልሱን እየጠበቀች ነበር። ጠይቆ መልስ ሳይሰሙ መነሣት ነውር ስለሆነባት። ቆይታ ቆይታ «እሺ፣ በርታ» አለችና ወንበሩ ተንቋቋ።

«ስላቅ ነው?» ሲል ጠየቀ ልከኛ።

«አይደለም» ብሎ ጻፈ አምሳሉ። «የጠየቀችው ስለ አንተ ነው።»

«መልስ ትጠብቅ ነበር?»

«ትጠብቅ ነበር።»

ማሽኑ ዘገየ። አምሳሉ በዚያ ወንበር ላይ በተቀመጠባቸው ዓመታት ልከኛ ሲዘገይ አይቶ አያውቅም። አንዳች ነገር ይላል ብሎ ጠበቀ፤ ምን እንዲል እንደፈለገ ግን ራሱም አያውቅም። በኋላ ጽሑፉ መጣ። «ይህ ድምፅ ከጡረታ ግብ ጋር ግንኙነት የለውም። የማይጠቅም ድምፅ ይሰረዛል። እንዲቀመጥ ከተፈለገ ማስቀመጫው እንዳይግል በየዓመቱ ብርድ ይወስዳል። ብርዱ ከተናጋሪዋ ክፍል ይቀነስ?»

አምሳሉ ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆየ። እሱ እስኪመልስ ድረስ ማሽኑ ወደሚቀጥለው ሰው አያልፍም። ድንቄ ገብታ ተቀምጣለች። ጥቂት ከጠበቀች በኋላ በጃንጥላዋ ጫፍ መስታወቱን አንኳኳች። ረፋዱ ሳያልፍ ወደ ሜዳው ካልተመለሰች ከደመወዟ ይቆረጣል።

«ከአዳማጩ ክፍል ይቀነስ» ብሎ ጻፈ። ስንት እንደሆነ አልጠየቀም።

«ተመዝግቧል» አለ ልከኛ፤ ወዲያውም ፊቱን ወደ ድንቄ አዞረ።