አዳነ ክረምቱን የት ከረመ?

አንድ ሰሞን የአርብ ገበያ ሰው አዳነ በሚባል ሹፌር የተነሳ ለሁለት ተከፍሎ ሊደባደብ ምንም አልቀረውም ነበር። አዳነ ደግሞ ጭራሽ ያልተፈጠረ ሰው ነው! እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ በሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያለ ሰው ነው እንጂ እንኳን ጋይንት ሊመጣ የትም አልኖረም። ግን ማን ይሰማል?

ድራማው የሚደመጠው በጋሽ ረጀብ የጨርቅ ሱቅ ነበር። ጋሽ ረጀብ ሬዲዮናቸውን ባንኮኒው ላይ ያወጣሉ፤ ልብስ ሰፊው ባዩ የስፌት መኪናውን ያቆማል፤ ጠላ ሻጯ ወይዘሮ ተሾመች ደንበኞቿን ትታ ትመጣለች፤ የቀረው ሰው በረንዳው ላይ ይኮለኮላል። የጋሽ ረጀብ ልጅ ሀቢባ ከባንኮኒው ጀርባ ጨርቅ እያጣጠፈች ትሰማለች። በሩ አጠገብ ደግሞ ሳሊም ይቆማል። ገብቶ አይቀመጥም።

ለምን እንደማይቀመጥ አገር ያውቀዋል። ሳሊምና ሀቢባ ተጫጭተው ነበር። ኒካው ሊታሰር ሲቃረብ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ መጣ፤ ከየቤቱ አንድ ወንድ ይውጣ ተባለ። ሳሊም ጎተራ ውስጥ ተደበቀ። ታናሽ ወንድሙ ዓሊ፣ ገና ጢም እንኳ ያላወጣው፣ እናቱን ሲያዋክቧት አላስችል ብሎት «እኔ አለሁ» ብሎ ወጣ፤ እሱን ይዘው ሄዱ። ሳሊም ጎተራው ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ሰምቶም አልወጣም።

ጋሽ ረጀብ በማግስቱ እጮኝነቱን አፈረሱ። «ወንድሙን የሰጠ ሚስቱን ይጠብቃል?» አሉ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ሳሊምም ቀና ብሎ መሄድ አቅቶት ከአገር ጠፋ። ከዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰ፤ ከስቶ፣ ጭምት ሆኖ፣ የእናቱን የእማማ መርየምን ጓሮ እየኮተኮተ ተቀመጠ። የት እንደነበረ ለማንም አልተናገረም። እናቱን ብቻ «ዓሊ በሕይወት አለ፣ አይዞሽ» አላት።

የድራማው አዳነም የታመመ ረዳቱን መንገድ ላይ ጥሎ የሸሸ ሰው ነበር። አማረች የምትባል እጮኛ ነበረችው። እንግዲህ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ አስቡት። አንድ እሑድ ባዩ «አይ አረመኔ! ይሄ ሰው ነው?» እያለ አዳነ ላይ ስድቡን ሲያወርድበት ሳሊም ከበሩ ላይ ድምፁን አሰማ።

«ፈርቶ ነው እንጂ ጨክኖ አይደለም።»

ሀቢባ ከጨርቁ ቀና ሳትል «ይፍራ! ታዲያ አማረች ዘንድ መጥቶ ጥፋቴ ነው ማለት አቅቶት ነው?» አለች።

«በምን ፊቱ ይምጣ?»

«እሷ እኮ ትጠብቀው ነበር።»

የሱቁ ሰው ስለ ድራማው የሚከራከሩ መስሎት አብሮ ገባበት። ሁለቱ ግን የሚነጋገሩት ስለ ራሳቸው ነበር። እጮኝነቱ የፈረሰበት ወንድ በዚያ ከተማ ልጅቷን አቁሞ ቢያነጋግር ጉድ ይፈላል፤ ስሙን በሰው ፊት ብትጠራ እሷም አለቀላት። ስለ አዳነና ስለ አማረች ግን ማንም ቢያወራ ማን ምን ይላል? ስለዚህ ከዚያ እሑድ ወዲያ በጋውን ሁሉ በአባቷ ፊት፣ በሰፈሩ ሁሉ ፊት፣ እንዲያ አድርገው ሲዋደዱ ከረሙ። ወይ የልጅ ዘዴ! «አዳነ ዛሬ አመመው መሰል» ስትል ሳሊም ማታ ወተት ይጠጣል። «አማረች ያ ሰማያዊ ሻሽ ያምርባት ነበር» ሲል በሚቀጥለው እሑድ ሀቢባ ሰማያዊ ሻሽ አስራ ትገኛለች።

ክረምት ሲገባ አዳነ ከድራማው ጠፋ። ሌሎቹ ይናገራሉ፣ ይስቃሉ፣ ይጣላሉ፤ የሱ ድምፅ የለም። ነሐሴ ላይ ሳሊም ዝናብ ሸሽቶ እንደቆመ ሰው ሆኖ ጠየቀ።

«ለመሆኑ አዳነ ተመልሶ ሽማግሌ ቢልክ አማረች ምን ትላለች?»

ሀቢባ እጇ ጨርቁ ላይ ቀረ። «ጭንቁ አባቷን ማሳመኑ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እሷማ… እሷማ ምን ትላለች።»

ሳሊም ያን ቀን በዝናብ እየበሰበሰ፣ እየሳቀ ቤቱ ገባ። እናቱም ሽማግሌ መፈለግ ጀመረች።

መስከረም ላይ አዳነ ተመለሰ። ተመለሰ ብቻ! በግ ሆኖ፣ ሰው አክባሪ ሆኖ፣ የአማረችን በር እያንኳኳ። ሱቁ ተናወጠ።

«ተለውጧል፣ አበቃ!» አለች ወይዘሮ ተሾመች። «ድምፁን አልሰማችሁም? ሌላ ሰው ሆኗል።»

«የት ተለወጠ?» ባዩ ጮኸ። «እኛ ሳንሰማ? ክረምቱን የት እንደከረመ፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንዳስለቀሰው አልነገሩንም። ደራሲው ሰነፍ ነው! ሀቢባ፣ አንቺስ? በጋውን ሙሉ ለአዳነ ጠበቃ ሆነሽ ከርመሻል፤ ወደሽዋል እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ረጀብ አልሳቁም፤ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ሀቢባ ፊቷ ጋለ። ደሞ እውነቱን እንናገር፤ ደራሲው በጣም አናዷት ነበር። ክረምቱን ሁሉ ስትጠብቅ ያን ያህል ነገር ዘሎ ማለፉ እንደ ስድብ ሆኖባት ነበር። ያን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አዳነ ለሷ አዳነ ብቻ ነበር።

«እኔ?» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ያልታየ ለውጥ ምን ይባላል? ሰው እያየው የካደ፣ ሰው እያየው ይካስ! ክረምቱን ተደብቆ ከርሞ ጨዋ ሆኜ መጣሁ ቢለኝ፣ እኔ አማረችን ብሆን በሬን አልከፍትለትም።»

ባዩ አጨበጨበላት። አባቷም ፊታቸው ፈታ አለ። መርታቷ ደስ አሰኝቷት ቀና ስትል በሩ አጠገብ ማንም አልነበረም። አስር ሰላት ደርሶበት ይሆናል ብላ ጨርቋን ማጣጠፍ ቀጠለች።

በሳምንቱ አርብ ገበያው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ የቀበሌው ሰዎች ዘማች ይመዘግቡ ነበር። ወጣቱ ሁሉ በየጓሮው ሲሹለከለክ ሳሊም ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መሀል ገበያውን ሰንጥቆ ሄደና «ስሜን ጻፉ» አለ። ወዶ ገባ! ወሬው ከአህያ ተራ እስከ ጨርቅ ተራ ባንዴ ደረሰ። ሀቢባ አቡጀዲ ስትለካ ነበር። ጨርቁን ጥላ ወጣች።

ዘማቾቹን የጫነው የወታደር መኪና ሞተሩን አስነስቷል። ሳሊም ከኋላ ቆሞ አያት። ያን ሁሉ ሰው ሳይፈራ፣ አባቷንም ሳይፈራ፣ ጮክ ብሎ ጠራት።

«ሀቢባ! ይኸው፣ አሁን ሰው እያየኝ ነው!»

ያኔ ገባት። ያ አላህ! ያኔ ነው የገባት። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ በሰው ፊት ስሙን ጠርታው ስለማታውቅ ምላሷ የለመደውን አወጣ።

«አዳነ! አዳነ!»

ሰው ዞሮ አያት። «ድራማው አሳበዳት» አሉ። ሳሊም ሰምቷት እንደሆነ አላህ ይወቀው። መኪናው በንፋስ መውጫ መንገድ አቧራውን እያስነሳ ወጣ።

ጥር ላይ ዓሊ መጣ። አንድ እግሩ የለም። በክራንች እየተደገፈ ጋሽ ረጀብን ሰላም ሊል ሱቁ ገባ። ሰው ከቦት ስለ ጦርነቱ ሲጠይቀው እሱ የሚጠይቀው ሌላ ነበር።

«ሳሊም እንዴት ሄደ? እናታችንን እንዲጠብቅ እኮ እኔ ነኝ የላክሁት!»

«የት አግኝተኸው?» አሉ ጋሽ ረጀብ።

«አልነገራችሁም እንዴ?» ዓሊ በሰዉ ፊት ላይ ዓይኑን አንከራተተ። «ጦሩ ያለበት ድረስ ፈልጎኝ መጣ። አዛዡ እግር ላይ ወድቆ ‹በሱ ፋንታ እኔን ያዙኝ፣ እሱን መልሱት› አለ። ሳቁበትና አባረሩት። እኔ ስቆስል ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘሁት። ቀን ድንጋይ ይሸከማል፣ ማታ እኔን ያጥባል፣ ያጎርሰኛል። ወላሂ፣ እናቴ እንኳ እንደዚያ አላቀፈችኝም። ‹አገር ስትገባ ይህን ንገራቸው› ብዬ ብለምነው፣ ‹ባንተ ቁስል ይቅርታ አልለምንም፤ አንተ ስትመጣ ከፈለግህ ንገራቸው› አለኝ።»

ባዩ ተነስቶ ወጣ። ጋሽ ረጀብ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሀቢባ ከባንኮኒው ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጣ አፏን በጨርቅ ይዛ አለቀሰች። እሱ የከረመበትን እንኳን ልታይ መጠየቅም አልቻለችም ነበር። ጠይቃው ቢሆንስ? አዳነን ሽፋን አድርጋ ስንት ነገር ስትጠይቀው፣ ይህን አንዱን ሳትጠይቀው ቀረች።

ከዚያ በኋላ ጠበቀች። ሲመለስ በሰው ፊት ስሙን እንደምትጠራው ለራሷ ማለች። ጋሽ ረጀብም አንድ ቀን ከመስገጃቸው ሲነሱ «በሰላም ይምጣ እንጂ እኔ ራሴ ኒካውን አስራለሁ» አሏት።

ግንቦት ላይ የእማማ መርየም ቤት መርዶ ገባ።

ሀቢባ ጥቁር ሻሽ አስራ ስትወጣ አባቷ በሩ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ምኑ ነሽ ይሉሻል እኮ። ዝም ብለሽ ከሴቶቹ ኋላ ተቀመጪ፤ ሰው እንዳያወራብሽ» አሏት። በጎናቸው አልፋ ሄደች።

ለቅሶው ቤት ሞልቷል። ወንዶቹ ውጭ፣ ሴቶቹ ውስጥ። ሀቢባ ሴቶቹን እየተሻገረች እስከ እናቲቱ ድረስ ሄደች። አንዲት የሳሊም የአባት ወገን አክስት ቀሚሷን ይዛ አስቆመቻት።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ የቅርብ ዘመድ ነው የሚቀመጠው። ምኑ ነሽ?»

ሀቢባ ውጭ ያሉት ወንዶች ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ ተናገረች።

«የሳሊም እጮኛ ነኝ! ሳሊም ጠይቆኝ፣ እሺ ብዬዋለሁ። የሳሊም ነኝ!»

ጋሽ ረጀብ ከወንዶቹ መሀል አንገታቸውን ደፍተው «እውነቷን ነው» አሉ።

እማማ መርየም ከምንጣፉ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት፤ እጇንም ያዘች።

«ነይ ልጄ» አለቻት። «ነይ፣ ስሙን እየጠራሽ አልቅሺ።»