ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ

የካሜራው ካርድ ሰሊጡ ውስጥ ነበር።

ምስጋናው የናሙናዋን ከረጢት በግራ እጁ አንጠልጥሎ በገዳሪፍ እህል ገበያ፣ በጆንያ ክምሮቹ መካከል አለፈ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከኋላው አንድ ሰው አለ። አምስት እርምጃ ሄደ፤ ሰውየውም ሄደ። ቆመ፤ ሰውየውም ቆመ።

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ።

ሰውየው አልፎት ሄደና ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር በዐረብኛ መጨቃጨቅ ጀመረ። ተራ ነጋዴ ነው። ምስጋናው ቀና ሲል ወገቡን ወጋው። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ልቡን ያስደልቀው ነበር። ዛሬ የሚያመው ወገቡ ብቻ ነው።

ዘመኑ ከሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ሰሊጥ በመዳፉ ያበጥራል። ለገበያው ደላላ ነው። ለስለላ ቢሮው ግን «ቁና» ነው፤ የምስጋናው አለቃ። ምስጋናው ደግሞ «ጎታ» ይባላል፤ የከተቱበትን ሁሉ ይይዛልና።

«ስንት ፎቶ ነው?» አለ ዘመኑ ከረጢቷን እየተቀበለ።

«ሦስት መቶ ዘጠና።»

«ሁሉም ተለጥፈዋል?»

«ያልለጠፍኳቸውም አሉበት። ስማቸው ከነዘመዳቸው ተጽፏል።»

«ጠይብ፣ እሺ። ሂድ።»

ሁለት ዓመት የኖሩት እንዲህ ነው። ለአገሩ ሰው ምስጋናው ፎቶ አንሺ ነው። ከመተማና ከጎንደር ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣውን፣ ከትግራይ ተሰዶ ኡም ራኩባ ካምፕ የከረመውን፣ ሠርጉን፣ ክርስትናውን፣ ማኅበሩን ሁሉ ያነሳል። ከዚያ በፌስቡክ ገጹ ላይ ሦስት መቶውንም አራት መቶውንም እንዳለ ይዘረግፈዋል። መምረጥ የለም። አንድ ሰው የቀረ እንደሆነ «እኔን ምን ቆርጦህ ለየኸኝ?» ብሎ በር ያንኳኳል። ስለዚህ ዓይኑን የጨፈነውም፣ ጉንጩ በጉርሻ ያበጠውም፣ ጀርባው ብቻ የታየውም ይለጠፋል። ባሕር ማዶ ያለው ዘመድ ከሥሩ «እሰይ፣ ወፍረሻል» ብሎ ይጽፋል።

ቢሮው ከዚያ ሁሉ ክምር የፈለገው አንድ ፊት ነበር። «ባለሰንጋ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ከድንበር ሰው እያሳፈነ ለታፋኙ ዘመዶች መልሶ የሚሸጥ ነው። ፎቶ የለውም፣ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው አንድ አመሉ ብቻ ነው፤ በሬ እንደሚገዛ ገበሬ፣ የሚያሳፍነውን ሰው አስቀድሞ በዓይኑ ሳያይ አያሳፍንም። እንግዲያው ድግስ ባለበት አይጠፋም ተባለ፤ ምስጋናውም ካሜራ አንግቶ ተላከ። ሠላሳ ሺህ ፎቶ አነሳ። ባለሰንጋ የለበትም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኣስካለ ሕፃኗን ክብርኣብን አዝላ ፎቶ ቤቱ ገባች። ኡም ራኩባ ውስጥ ሳሙናና ስኳር የምትሸጥ ሴት ናት፤ ባሏ እሷ አርግዛ ሳለ ወደ ሌላ አገር ሲሻገር በመንገድ ቀርቶባታል። ከሁለት ወር በፊት ልጇ ክርስትና ሲነሣ የክርስትና አባት ሊሆን የነበረው ሰው ቀረና፣ ቄሱ ካሜራ ወደያዘው ሰው ዞሩ። «አንተ አትሆንም?» አሉት። የገዛ ስሙ ውሸት የሆነ ሰው እንዴት የክርስትና አባት ይሆናል? ግን ልጁን ተቀበለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አበልጅ ናቸው። አበልጅነት ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ከሥጋ ዘመድነት ይበልጣል የሚሉም አሉ።

«ሓወይ» አለችው ሳትቀመጥ። ወንድሜ ማለቷ ነው። «ሰው መጣብኝ።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ፊቱን በሻል የጠቀለለ። ፎቶዬን በስልኩ ይዞ ጎረቤቴ ፅገ ሱቅ ገብቶ ‹ይቺን ሴት ታውቂያታለሽ?› አላት። እኔ ከመጋረጃ ኋላ ነበርኩ። ‹ወደ ከሰላ ከተማ ሄዳለች› ብላ ሸኘችው፤ እግዚአብሔር ይስጣት።»

«የትኛው ፎቶ ነው?»

«የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ልጁን ያቀፍኩት። ኋላዬ ቢጫ ጀሪካን ያለበት።»

ምስጋናው ይጠርገው የነበረውን ካሜራ አስቀመጠ።

ያን ፎቶ አልለጠፈውም።

የክርስትናው ዕለት «የእኔን አትለጥፍብኝ፤ አውስትራሊያ እህት እንዳለችኝ የሚያውቅ ክፉ አይጠፋም» ብላ ለምናው ነበር። እሷ ያለችባቸውን ሰባት ፎቶዎች አስቀርቶ ሌላውን ለጠፈ። ሰባቱ የሄዱት በሰሊጥ ከረጢት ወደ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ወደ ዘመኑ።

በዚህ ዓመት የታፈኑትን ሰዎች በጣቱ ቆጠረ። አምስት። አምስቱንም እሱ አንስቷቸዋል፤ ስማቸውንና ዘመዳቸው ያለበትን አገር በገዛ እጁ ጽፎ ሰጥቷል። ጅብ አድናለሁ ብሎ ወጥቶ ጅቡን ሲቀልብ ከርሟል። አፈረ። እንደዚያ ያፈረበት ቀን ትዝ አይለውም። ለቢሮው እንዳይከስ ወደ ቢሮው የሚወስደው መንገድ በዘመኑ በኩል ነው።

«ለገብርኤል ማኅበር ወደ ከተማ ነይ» አላት። ሰውየው ሊያያት እንደሚመጣ፣ እሱም ፊቱን ሊያነሳው እንደሚሞክር ነገራት። ከዚያ በላይ አልነገራትም።

ኣስካለ ልጁን አውርዳ አጠባች።

«ካልመጣሁስ?»

«ተመልሶ ካምፕ ይመጣል። ያን ጊዜ ፅገም አታድንሽም።»

«እንግዲያው እመጣለሁ። እስከ መቼ ከመጋረጃ ኋላ እኖራለሁ? ፎቶዬንም ለጥፈው፤ የሚፈልገኝ እንደሆነ አግኝቶኛል።»

በሚቀጥለው ርክክብ ምስጋናው እንደዋዛ ጣል አደረገ።

«ያቺ የኡም ራኩባዋ ሴት ለአሥራ ዘጠኙ የገብርኤል ማኅበር ትመጣለች። እህቷ ወደ አውስትራሊያ ልትወስዳት ነው አሉ።»

«ለሌላ ሰው አወራኸው?»

«ላንተ ነዋ። ለማን አወራለሁ?»

ዘመኑ የመዳፉን ሰሊጥ እፍ አለና «ጎሽ» አለ።

ማኅበሩ በመሪው፣ በሙሴው በአያ ታምሬ ግቢ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ስልሳ ሰው ይሆናል። ጠላ እዚህ አገር ያሳስራልና ጽዋው የተሞላው በቀዩ የከርከዴ መጠጥ ነው፤ ቅዱስ ገብርኤልም እስካሁን የተቀየመ አይመስልም። ኣስካለ ከሴቶቹ መካከል ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ምስጋናው እየዞረ ያነሳል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አንድ ሰው ገባ። ነጭ ጀላቢያ ለብሷል፤ እስከ አፍንጫው በሻል ተጠቅልሏል። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ ሳልፍ መዝሙር ሰምቼ ነው» አለ። አማርኛው የመተማ ነው። ቦታ ሰጡት። ያ ሁሉ ሰው ባለበት ግቢ አንድ ሰው ብቻ አየ።

ኣስካለን።

ምስጋናው ሳይቸኩል ካሜራውን አዘጋጀ። ደክሞት ነበር፤ ድካምም አንዳንዴ ይጠቅማል።

እንግዳው አንድ ነገር ዘንግቷል። ከማኅበር ከራቀ ብዙ ዓመት ሆኖት መሆን አለበት። ሠርግ ላይ ጥግ ይዞ በልቶ መውጣት ይቻላል። ማኅበር ግን እንግዳውን ሳያቀምስ አይሸኝም፤ ጽዋም የሚቀበሉት ቆመው፣ ራስ ተገልጦ ነው። አያ ታምሬ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቱ ቆሙ።

«ተቀበል ልጄ።»

«ይለፈኝ አባቴ፣ ጉንፋን ይዞኛል።»

«ገብርኤልን ይለፈኝ ይባላል? ተነሥ። ሻልህንም አውርድ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

ተነሣ።

ሻሉን አወረደ።

ምስጋናው ተጫነው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ክብ ፊት፣ የተላጨ ጢም፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ፤ ዳቦ ሲገዛ ብታዩት የማታስታውሱት ሰው ነው። ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ ሻሉን መልሶ ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ ካሜራውን አየ።

ምስጋናው ሊወጣ ሲል አያ ታምሬ ክንዱን ያዙት።

«ወዴት? ሁለት ዓመት ሁላችንን ስታነሳ አንተ የለህበትም። ዛሬስ አትቀር!»

ካሜራውን ከአንገቱ አወለቁበት። ኣስካለ ልጁን እጁ ላይ አኖረችለት። ክብርኣብ አፍንጫውን ጨበጠው። ምስጋናው ሳያስበው ሳቀ።

ቀጭ።

በኋላ አጠፋዋለሁ፣ አለ በልቡ።

ይህን ያህል ፎቶ የሚያሳልፍ ኔትወርክ ያለው በሳተላይት፣ በስታርሊንክ የሚሠራው ኢንተርኔት ቤት ብቻ ነው፤ ምስጋናው በቀጥታ ወደዚያ ሄደ። ፎቶዎቹን ሁሉ ከካሜራው ወደ ስልኩ አሸጋገረ። የገጹ የይለፍ ቃል ዘመኑም ጋ አለ፤ አንዱን ፎቶ ብቻውን ቢለጥፈው ማንም ሳያየው ያጠፋዋል። አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ከወጡ ግን ሰው ሁሉ የራሱን ፊት ሊፈልግ ይገባል፤ ያወርዳል፣ ለዘመድ ይልካል። ከመቶ ሰው ስልክ ማን ያጠፋዋል? ከእንግዳው ፎቶ ሥር እንደ ልማዱ ጻፈ፦ «የእንግዳችንን ስም አልያዝንም። የምታውቁት ጻፉልን።» ከዚያ ላከው። ሁሉም ተጭኖ ሳያልቅ አንዱም ለሰው አይታይም።

12 ከ412።

58 ከ412።

በሩ ተከፈተ።

ምስጋናው ስልኩን ከካሜራው ቦርሳ ሥር ሸጎጠ። ዘመኑ ነው፤ ላብ አጥምቆታል።

«ካርዱን።»

«ቁጭ በል እንጂ።»

«ካርዱን ስጠኝ! ሰውየው ውጭ በቦክሲው መኪና ውስጥ እየጠበቀኝ ነው። ባዶ እጄን ከወጣሁ እሱ ይገባል።»

«ስንት ሰው ሰጠኸው? እኔ የማውቀው አምስት ነው።»

ዘመኑ ፊቱን አዞረ። «ወንድሜን ይዞት ነበር። ‹አንድ ሰው ጠቁመኝና ልልቀቅልህ› አለኝ። ጠቆምኩት። ለቀቀልኝ። ከዚያ ወዲያ ማቆሚያው ጠፋኝ። አንተስ አልደከመህም?»

«ደክሞኛል።»

እውነቱን ነው። ለአንድ አፍታ አዘነለትም። የኣስካለ መጋረጃ ትዝ ሲለው ግን ሐዘኑ አለፈ። ካርዱን ከካሜራው አውጥቶ ሰጠው፤ ዘመኑ ለሁለት ቀነጠሰው።

«ፎቶው ሌላ ቦታ አለ?»

«አሁን መድረሴ ነው። ኔትወርኩን አታውቀውም?»

ዘመኑ ዓይን ዓይኑን አየው። ማመን ፈልጎ አመነ።

«ኻላስ፣ በቃ። ዛሬውኑ ከዚህ ከተማ ጥፋ።»

ወጣ። ምስጋናው ስልኩን አወጣ።

371 ከ412።

የመጨረሻው የሱ ነው፤ በጥድፊያው ማጥፋቱን ረስቷል። ልጅ ታቅፎ የሚስቅበት። ሊያወጣው ካቋረጠ ሁሉም ከአንድ ይጀምራል። ውጭ የቦክሲው በር ሲከፈት ተሰማ። የሰላይ ፊት ከወጣ ሰላይነቱ አበቃ፤ የሚታወቅበትም ስም፣ ፎቶ ቤቱም፣ አበልጁም አብረው ያበቃሉ።

ሳያቋርጥ ተወው።

412 ከ412።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ በጓሮ በር ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ከእንግዳው ፎቶ ሥር ጻፈች፦ «ልጄን ያሳፈነው ይህ ነው።» እስኪመሽ አርባ ሰው ጻፈ። በሦስተኛው ቀን በገላባት መንገድ ላይ ሹፌሮች ባለሰንጋን አውቀው፣ ከመኪና አውርደው ለፖሊስ አስረከቡት። ዘመኑ ከገበያው ጠፋ፤ ከሚዛኑ አጠገብ ሌላ ደላላ ቆመ። ቢሮው በገጹ የመልእክት ሳጥን ለምስጋናው አንድ መስመር ላከ፦ «ጎታ ተዘግቷል።» ከወር በኋላ በገጹ ላይ ኣስካለ ጻፈች፦ «አበልጄ የት ነህ? ክብርኣብ ጥርስ አወጣ።» መልስ የሰጣት የለም።

በኸሽም ኤል ቂርባ የመስኖ ቦይ ከሚጠርጉት ሰዎች መካከል ሃይለ የሚባል አለ። ጢሙ አድጓል፣ ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ባልደረባው ማሬ ስልኩን አቀበለው።

«እስቲ እይ። ይሄ ያን ሰው አሳፋኝ ያስያዘው ፎቶ አንሺ ነው። አንተን አይመስልም?»

ሃይለ የእጁን ጭቃ በሱሪው ጠረገ።

«ሰው ከሰው ይመሳሰላል።»

«ቁርጥ አንተን ነው እንጂ!»

ሃይለ ፎቶውን በጣቱ አጎላው። የሰውየውን ፊት አይደለም፤ የሕፃኑን ነው፤ አፍንጫ የጨበጠችውን ትንሽ እጅ። ብዙ ጊዜ አየው።

«ልጁን ታውቀዋለህ?» አለ ማሬ።

«አላውቀውም» አለና ስልኩን መለሰለት። አካፋውን አንሥቶ ወደ ቦዩ ወረደ።