ጋሼ ብዙአየሁ የሳቱት ፔናልቲ

ጋሼ ብዙአየሁ አንድ ልጃቸውን ራኬብን ለድሃም ይድሩ ነበር፣ ለፈረንጅም ይድሩ ነበር። ለውሸታም ግን አልድርም አሉ፤ አሉ ማለት አለቀ ማለት ነው። ራኬብ ደግሞ ያንኑ ውሸታም አገባዋለሁ ብላለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሎስ አንጀለስ፣ ኢንግልዉድ ሰፈር ያለው ቤት ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም እልኸኛ።

ነገሩ የጀመረው በሦስት ደብተር ነው። ጋሼ ብዙአየሁ በወጣትነታቸው ሀንጋሪ ተምረዋል፤ ኪሽመዜ በምትባል ትንሽ ከተማ ለክለቧ በግራ ክንፍ ተጫውተዋል። ሎስ አንጀለስ ሃያ ስምንት ዓመት ታክሲ ሲነዱ፣ ኤርፖርት ወረፋ በጠበቁ ቁጥር የዚያን ክለብ ታሪክ በአማርኛ ይጽፉ ነበር። ሰባኛ ልደታቸው ሲቃረብ ራኬብ መጽሐፍ አድርጋ ልትሰጣቸው ደብተሮቹን ይዛ ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና ወዳለ ማተሚያ ቤት ነዳች።

ማተሚያ ቤቱ አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ባለቤቱ ፍሬአብ የሰርግ ካርድና የምግብ ቤት ሜኑ ያትማል፤ ከሁሉ በላይ ግን በቀብር ላይ የሚነበበውን የሟች የሕይወት ታሪክ ራሱ ጽፎ ያትማል።

«ምንድነው?» አላት ደብተሩን እየገለጠ።

«የኳስ ክለብ ታሪክ።»

«የጊዮርጊስ ነው የቡና?»

«የኪሽመዜ።»

ቀና አለ። «እየቀለድሽ ነው?»

«የምቀልድ እመስላለሁ?»

አትመስልም። ፍሬአብ ደንበኛ ከሚታይበት ጊዜ ትንሽ አስረዝሞ አያት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ሶ፣ ስንት ዋንጫ አላቸው?»

«አንድም።»

«ታዲያ ምናቸው ይጻፋል?»

«አንብበውና አንተ ትነግረኛለህ።»

አነበበው። ክለቡን የመሠረቱት በፈረንጆቹ 1912 የባቡር ሠራተኞች ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ሜዳው ድንች ተተከለበት፤ ድንቹ ተቆፍሮ ሲወጣ ኳሱ ተመለሰ። ወንዝ ሞልቶ ትሪቡናቸውን ጠራርጎ ወሰደው፣ ደጋፊዎቹ ቆመው ኳስ አዩ። ክለቡ አራት ጊዜ ከዲቪዚዮኑ ወረደ። ኋላም የከተማዋ ፋብሪካ ሲዘጋ ደሞዝ ቀረ፤ ተጫዋቾቹ ግን ማሊያቸውን እቤታቸው እያጠቡ እሑድ እሑድ መጡ። «ማን አባቱ ያጠፋናል» ይላል ደብተሩ፣ በሦስት ቦታ።

የጋሼ ብዙአየሁ እጅ ጽሑፍ በቀላሉ አይነበብምና ራኬብ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታነብለታለች፣ እሱ ታይፕ ያደርጋል። በኋላ በኋላ የሚነበብ በሌለበትም ቀን መጣች። ጎን ለጎን ተቀምጠው የሰርግ ካርድ ያጥፋሉ።

«ይሄ መጽሐፍ ሲያልቅ ምን ብዬ ልጠራሽ ነው?» አላት አንድ ቅዳሜ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

«ራኬብ ብለህ። እመጣለሁ።»

አርባ ኮፒ ታተመ። በልደታቸው ቀን ጋሼ ብዙአየሁ ፌርፋክስ ላይ ባለ አንድ ምግብ ቤት መነጽራቸውን አድርገው የመጨረሻውን ምዕራፍ ለእንግዶቹ ማንበብ ጀመሩ። ኪሽመዜ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ለመውጣት አንድ ጎል ብቻ ቀርቶታል። በመጨረሻው ደቂቃ ፔናልቲ ተሰጠ፤ መቺው ብዙአየሁ ነው።

«ኳሷም በቀኝ በኩል መረብ ውስጥ ገባች» ብለው አንብበው ቆሙ። እንግዳው አጨበጨበ። የእሳቸው ፊት ግን ጠቆረ።

«እኔ ስቻለሁ» አሉ። «ወደ ሰማይ ነው የላክኋት። ክለቡ ሳይወጣ የቀረው በእኔ ነው። ይሄን ማን ጻፈው?»

ፍሬአብ ተነሳ። «ጋሼ፣ ለክብርዎ ብዬ ነው። ሰው ፊት የሚነበብ ስለሆነ...»

«ክብሬ ጠፋኝ አልኩህ? በቁሜ የቀብር ታሪኬን ጻፍክልኝ እኮ።»

ልማድ ነው። ፍሬአብ ማተሚያ ቤት ታሪኩ የታተመለት ሟች ሁሉ ደግ፣ ሰው ወዳድና እንግዳ ተቀባይ ነው። ጎረቤት ሲያምስ የኖረውም፣ ሚስቱን ሲያስለቅስ የኖረውም እዚያ ወረቀት ላይ ሲወጣ መልአክ ነው። ሰባት ዓመት ሰው ሲያሳምር የኖረ እጅ፣ ጋሼ ብዙአየሁ ጋ ሲደርስም አላቆመም።

ራኬብ በማግስቱ ማተሚያ ቤቱ ገብታ ጠረጴዛውን መታችው። «አባቴ አርባ ዓመት የተሸከመውን አንተ በሁለት ደቂቃ ታጠፋዋለህ? ነገ እኔንስ እንዲህ ልታሳምረኝ ነው?»

«ተሳስቻለሁ» አለ ፍሬአብ። ምክንያት አልደረደረም። ገጹን ልክ እንደ ደብተሩ አድርጎ እንደገና አትሞት ነበርና ሰጣት። ራኬብ እያነበበች አሁንም ተናዳለች፣ አሁንም ትወደዋለች። ሁለቱን አንድ ላይ ምን እንደምታደርጋቸው ግራ ገባት።

ሦስት ቀን ስልኩን ሳታነሳ ቆየችና በአራተኛው ቀን ደወለች። «ሽማግሌ ላክ» አለችው።

ላከ። በጋሼ ቀለመወርቅ የሚመሩት ሦስት ሽማግሌዎች ኢንግልዉድ መጡ፣ ተመለሱም። መጀመሪያ መመለስ ወግ ስለሆነ ማንም አልከፋውም። በሁለተኛው ሲመጡ ግን ጋሼ ብዙአየሁ የወግ ያልሆነ መልስ ሰጡ።

«ለውሸታም የምሰጠው ልጅ የለኝም። ድጋሚ አትድከሙ።»

በወጉ ልጅቱ ጓዳ ነው የምትቆየው። ራኬብ ወጣች።

«አባዬ፣ ፔናልቲውን ስትስት ኪሽመዜዎች አባረሩህ?»

«ይሄ ሌላ ነው።»

«በሚቀጥለው እሑድ አሰልፈውሃል። ራስህ ነህ የጻፍከው፤ ለፍሬአብ ያነበብኩለትም እኔ ነኝ። እሱም አንድ ሳተ። ብትመርቀን ደስ ይለኛል። ባትመርቀንም በጥር አገባዋለሁ። ወንበርህን አስቀምጥልሃለሁ፤ ካልመጣህ ባዶውን ይቀመጣል እንጂ ሰርጌ አይቀርም።»

ሽማግሌዎቹ ወለሉን አዩ። ጋሼ ብዙአየሁ ወደ እነሱ ዞሩ።

«ልጁ የት ነው?»

«እዚሁ ውጭ ነው» አሉ ጋሼ ቀለመወርቅ። «ፓርክ አድርጎ ይጠብቀናል።»

«ጥሩት።»

ፍሬአብ ገብቶ ቆመ።

«ሽማግሌዎችህ አንተም ወርቅ ነህ፣ ልጄም ወርቅ ናት ሲሉኝ ቆዩ» አሉ ጋሼ ብዙአየሁ። «ወርቅ በቃኝ። አንተ የልጄን ጉድለት ንገረኝ። አንዲት ቃል ብታሳምር በሩ ያውልህ።»

ፍሬአብ ራኬብን አያት። እዚህ ላይ ካሳመራት እሷም አታገባውም።

«እልኸኛ ናት» አለ። «ስትናደድ ሦስት ቀን ስልክ አታነሳም። ሰው ሲያወራ ታቋርጣለች። መንገድ ስትሳሳት ጂፒኤሱ ነው የተሳሳተው ትላለች። እኔ ስንቴ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ ከእሷ ግን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።» ወደ ጋሼ ብዙአየሁ ዞረ። «እንዲህ ሆናም እወዳታለሁ፣ ጋሼ።»

የጋሼ ብዙአየሁ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ራኬብ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ እየሳቁ ነበር።

«ቁርጥ እናቷን» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አንዲት ቃል አልጨመረም።» ወንበርም ሳቡለት። «ቁጭ በል።»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ? በሽማግሌ ፊት እንዲህ ተናግረሽኝ ይቅርታ የለም?»

«የለም» አለች ራኬብ። ሄዳም ፍሬአብ አጠገብ ተቀመጠች።