የገደል ዳር ችካሎች

ሩፐርት ጋርተን የሞተው፣ አገሩን ሁሉ «አትጠጉት» እያለ ሲያስጠነቅቅበት በኖረው ገደል ሥር ነው። ከላይ የተናደው ቡናማ ጭቃ እስከ ወገቡ ቀብሮት፣ ማዕበሉ ጫማውን እየላሰው ተገኘ።

«ገፍትሮት ነው» አለ ሳጅን ፔል፣ ኢንስፔክተር ሔስተር ብሌንኪን ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ። «ሰውየውን ይዤዋለሁ። ሎማስ ነው፣ የተጎታች ቤቶቹ፣ የካራቫን ሰፈሩ ባለቤት። ትናንት መጠጥ ቤት ውስጥ ‹ባሕሩ ካልወሰደህ እኔ እወስድሃለሁ› ሲለው ያልሰማ የለም።»

«ምን አድርጎት?»

«ጋርተን የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ አይደል? ዳር ላይ ያሉትን ካራቫኖች አንሣ አለው። ከሰዓት በኋላ ክስ እንመሠርታለን።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው ፔል። መጀመሪያ መንገዱን ልየው።»

የገደሉን ዳር ይዞ የሚሄደውን የእግር መንገድ ነጫጭ ችካሎች ይመሩታል። ገደሉ በተናደ ቁጥር ችካሎቹ ተነቅለው ወደ እርሻው ገባ ተደርገው ይተከላሉ። አሁንም ከጠርዙ በደንብ ርቀው ቆመዋል። ሔስተር አንዱን ደገፍ ስትለው ተወዛወዘ። ቀጣዩም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ግን ንቅንቅ አይሉም።

በሆዷ ተኝታ ወደ ጠርዙ መሳብ ስትጀምር ፔል ደንግጦ ቁርጭምጭሚቷን ያዘ።

«እርስዎም ወድቀው ሁለት አስከሬን ላንሣ?»

እሷ ግን ከሣሩ መሐል በችካል ውፍረት ልክ ክብ ክብ የሆነ ትኩስ ጭቃ አይታለች። ጠጠር ተጨምሮበት በተረከዝ ተጠቅጥቋል። የመጨረሻው ክብ ግማሹ ከገደሉ ጋር ተንዶ ሄዷል።

«ዛሬ ጠዋት ጭጋግ ነበር?»

«የራሴ እጅ አይታየኝም ነበር።»

የሟች ሚስት ኢሶቤል በጨርቅ የተጠቀለለ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ጠበቀቻቸው።

«በጭጋግ አትሂድ እለዋለሁ። ‹ችካሎቼ እያሉልኝ ዐይኔን ጨፍኜም እደርሳለሁ› ይለኛል። በየጠዋቱ ገደሉ ዳር የሚኖሩት ወይዘሮ ዶርካስ ቤት ሻይ ጠጥቶ ነው የሚመለሰው።»

«እግርዎን ምን ነካው?»

«የልብስ ማስጫውን እንጨት ነቅዬ ጉድጓዱን ረሳሁት። ራሴው ገባሁበት። ሩፐርት ‹የከተማ ልጅ› እያለ ሲስቅብኝ ነበር የሰነበተው።» ይህን ብላ ልቅሶዋ መጣ።

ሎማስን ከእስር አስመጥታ ያነጋገረችው በራሱ ሰፈር፣ በካራቫኖቹ መሐል ነው። መስኩ ዝናብ በሞላቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ተበሳስቷል።

«ይሄ ሁሉ ጉድጓድ ምንድን ነው?»

«አጥር ነበር፣ ነቀልኩት። ጉድጓድ ደግሞ ማንን ገደለ?» አለና ያለው ነገር ገብቶት ፊቱ ጠቆረ። «ኢንስፔክተር፣ አፌ ነው እንጂ እጄ ሰው አይነካም። ልጆቼ ፊት በካቴና ወሰዱኝ እኮ።»

«ይሄ አፍህ ዕድሜ ልክህን ሊያሳስርህ ነው» አለችው። እንዲህ ስትል ግን አዝናለታለች።

ወይዘሮ ዶርካስ ኪርክቢ ግቢያቸው በር ላይ ቆመው ነበር። ሁለት ጎተራቸውን ባሕር በልቶባቸው የቀራቸው አያታቸው የሠሩት ቤት ብቻ ነው። ስድሳን አልፈዋል፤ አጥራቸውን ግን ዛሬም ራሳቸው ይተክላሉ።

«ምስኪን ሩፐርት። ሻዩን ቀድቼ ስጠብቀው ቀረ።»

«ቤትዎን ሊያስፈርስ ነበር ይባላል።»

«ሰኞ። ሥራው ነው ልጄ፣ ምን አድርግ እለዋለሁ?»

ሔስተር ተደግፋው የቆመችውን ከዘራዋን ከረጠበው መሬት ነቀለች። አሮጊቷ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ ወደ ታችም ሳያዩ፣ ከዘራው የተወውን ቀዳዳ በተረከዛቸው ደፈኑት፤ ጠጠርም በእግራቸው ስበው ጠቀጠቁበት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በዶርካስ ማዕድ ቤት ተሰበሰቡ፤ ኢሶቤልም እያነከሰች መጣች። የሎማስ እጅ በካቴና ታስሯል።

«ትናንት ማታ ጭጋጉ ሲገባ» አለች ሔስተር «አንድ ሰው ችካሎቹን ነቅሎ፣ ሥሩ ተሸርሽሮ ወደ ቀረው ጠርዝ አጠማዘዛቸው። ጋርተን አምኗቸው ተከተለ፣ መሬቱም ከነሱ ጋር ይዞት ወረደ። የተረፉት ችካሎች ወደ ድሮ ቦታቸው ተመለሱ። የሚወዛወዙት ለዚህ ነው።»

«ሎማስም ይሄን ይችላል» አለ ፔል።

«ይችላል። ግን ገዳዩ ጠርዙ ላይ የከፈታቸውን ጉድጓዶች ደፍኗል።»

«ማስረጃ ሊደብቅ ነዋ።»

«ለመደበቅ ሣር ይበቃ ነበር። በጠጠር የሚጠቀጠቀው ዝናብ እንዳይገባበት ነው። ውኃ በችካል ጉድጓድ ገብቶ ገደሉን እንደሚሰነጥቀው የዚህ አገር ተወላጅ በእናቱ ጀርባ ሳለ ይማረዋል። የሎማስን መስክ አይተኸዋል። ኢሶቤልም በገዛ ጉድጓዷ ተሰብራለች።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «ጠዋት በከዘራዬ ግቢዎን በስቼው ነበር፣ ወይዘሮ ዶርካስ። ቀዳዳው የት ሄደ?»

ዶርካስ ጫማቸውን አዩ።

«ፔል፣ ከበሩ ኋላ ያለውን መዶሻ አምጣ።»

የመዶሻው ራስ ላይ የችካሎቹ ነጭ ቀለም ተለጥፎበታል።

«ክፍት ትተዋቸው ቢሆን ኖሮ» አለች ሔስተር ቀስ ብላ «እኔም ይሄን ሰው አስሬ እሄድ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ ዶርካስ። «እዚያው ቆሜም አስቤዋለሁ። ግን ቤቴ አጠገብ ክፍት ጉድጓድ ትቼ? ዝናብ ቢጥልስ?»

«የርስዎን ሻይ ሊጠጣ ነበር የሚመጣው» አለች ኢሶቤል።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስኒ ነበር፤ አንዱ እስከ አፉ ሞልቶ ቀዝቅዟል።

ሎማስ የተፈታውን እጁን እያሻሸ ወደ ልጆቹ ሮጠ። ሔስተር ለማስረጃ አንዱን ችካል ነቅላ በትከሻዋ ይዛ ስትሄድ ካፊያ ጀመረ። ይህን ቤት ባሕሩ ዛሬም ሆነ ነገ እንደሚወስደው ታውቃለች፤ የሚኖርበትም ሰው የለም። ጥቂት እንደ ሄደች ግን ቆመች። ተመልሳ ጭቃ ዘገነች፣ ጠጠር ጨመረችበትና የችካሉን ጉድጓድ በተረከዟ ደፈነችው።