ዋኟ ያጣችው መንገድ

በአባያ ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፈው ሆስፒታል ያን ረፋድ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ እየተጓዘ ነበር። ዶክተር ፈትለወርቅ ዋኟን በወይዘሮ አማረች የእጅ አንጓ በኩል ወደ ደም ቅዳቸው ለቀቀቻት። ዋኝ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ፣ በደም ሥር ውስጥ እየዋኘች የሚደማውን ቦታ ራሷ ፈልጋ የምትደፍን መሣሪያ ናት። ሐኪሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ቆመው ከማየት በቀር ሥራ የላቸውም።

ወይዘሮ አማረች የማህፀን ጫፍ ካንሰር ይዟቸው ከጠዋት ጀምሮ እየደሙ ነው። ለልጃገረዶች በሚሰጠው ክትባት ምክንያት በሽታው ከጠፋ ዘመን ስላለፈው፣ ረዳቷ ዶክተር ናሆም በዓይኑ አይቶት አያውቅም። አሮጊቷ ክትባቱ ሳይደርሳቸው ካደጉት የመጨረሻዎቹ አንዷ ናቸው።

ዋኟ ዳሌያቸው ጋ ስትደርስ ቆመች። «መንገዱ አይታወቅም» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ መጣ።

«ካንሰሩ ያበቀላቸው ደም ሥሮች ግራ አጋቧት» አለ ናሆም። «የተማረችው ከጤነኞች ነው። የእማማ የደም ግፊት እየወረደ ነው፤ ሆዳቸውን እንክፈት?»

«ቀዶ ሕክምና አይቋቋሙም። ቀለም ልቀቅና የዋኟን መሪ ለእኔ ስጠኝ።»

ቀለሙ ራጁ ላይ እንደ ሐረግ ተጠማዞ ወጣ። ፈትለወርቅ ይህን መልክ ታውቀዋለች። ጀማሪ ሐኪም ሳለች ቀጭን ቱቦ በእጇ እየገፋች ታልፍበት ነበር።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ ወይዘሮ አማረች። የደነዘዘው አንጓቸው ብቻ ነበር።

«መንገድ እያስታወስኩ ነው፣ እማማ።»

«አስታውሺ ልጄ። እኔ የትም አልሄድም።»

ፈትለወርቅ ዋኟን ስትመራ አንዱን መታጠፊያ ሳተች፤ ተመለሰች። በመጨረሻ ዋኟ ጠባቡ ቅርንጫፍ ውስጥ ገብታ የያዘቻቸውን ደም ሥር የሚደፍኑ ደቃቅ እንክብሎች አፈሰሰች። በሌላው ጎንም ደገመችው። ደሙ ቆመ።

«ያስተምሩኝ» አለ ናሆም፣ እጃቸውን ሲታጠቡ።

«በማን ላይ?»

ፈትለወርቅ ጀማሪ ሳለች የሕሙማኑ ክፍል ሙሉ ነበር። ሴቶቹ አንዷ የሌላዋን ፀጉር ትሠራ ነበር፤ ጠያቂ ያመጣላቸውን ፓፓያ ለእሷም ያስቀሩላት ነበር። ዘግይተው ስለመጡ ብዙዎቹ ሞቱ። ያ ዘመን እንዳይመለስ ዕድሜዋን ሙሉ ደክማለች፤ ሴቶቹ ግን ይናፍቋታል። ማሽኗ መንገዱን ያጣችው፣ ሰው በሽታውን ስላሸነፈ ነው። ያሸነፈውን ቶሎ በመርሳቱ ደግሞ ከቀሩት ሴቶች አንዷን ሊያጣ ነበር።

«እሺ፣ ቁጭ በል» አለችው። «አየለች የምትባል የሣውላ ሴት ነበረች፣ ቀልደኛ። የደም ሥሮቿን መንገድ አልረሳሁትም፤ ከእሷ እንጀምር።»