እርካቡ ውስጥ ቦታ አልነበረም

ወላሂ፣ የሆነ ነገር ነው የምነግራችሁ።

ይህን በስልክ የምትጽፍልኝ የእህቴ የልጅ ልጅ ኢፍቱ ናት። "አያቴ፣ በሌሊት ሆነ በያቸው፤ አስፈሪ ነገር በሌሊት ሲሆን ነው ሰው የሚያነበው" ትለኛለች። በቀን የሆነውን በሌሊት ሆነ አልልም። ለማንም ብዬ አልዋሽም።

በቀን ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። ከደመና በላይ፣ ፀሐይ ፊቴ ላይ እየበራች፣ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ሲያንቀላፋ...

አውሮፕላን ውስጥ።

መጋቢት 1964 ዓ.ም. ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ባሌ ቱሳ ይባል ነበር። አሰላ ውስጥ ፈረስ የሚወድ ሰው ሞልቷል፤ እንደ እሱ ያለ ግን አላየሁም። አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው። "ከእኔና ከፈረሱ ማንን ትመርጣለህ?" ስለው፣ "ዛሬ ዝናብ ስለሆነ አንቺን፤ ነገ ሲያባራ እናያለን" እያለ ያበሽቀኝ ነበር።

ግራ እግሩ በልጅነቱ ተሰብሮ ስለነበር ጥቂት ያጥራል። ስለዚህ ሲጋልብ የግራውን እርካብ ጠፍር ሁልጊዜ አንድ ቀዳዳ ከፍ አድርጎ ነው የሚያስረው።

ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

በ1963 ክረምት ጮሌ ከሚባለው አገር ሲመለስ ዳማው ጭቃ ላይ ተንሸራተተና አብረው ወደቁ። ፈረሱ ተነሳ።

ቱሳ አልተነሳም።

ከወገቡ በታች በድን ሆነ። ጣቱን በመርፌ ሲወጉት እኔ ነበርኩ የማለቅሰው፤ እሱማ አይሰማውም።

ከስዊድኖች ጋር በእርሻ ሥራ ላይ ይሠራ ስለነበር፣ አገራቸው ወስደው ሊያሳክሙት ተስማሙ። የመጨረሻ ተስፋችን ያቺ ሕክምና ነበረች። ሐኪሙ ግን ስለ መንገዱ አስጠነቀቀኝ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚሄደው፤ እግሩ ተንጠልጥሎ ከዋለ ያብጣል፣ ደሙም ሊረጋ ይችላል። እግሩ ከፍ ብሎ የሚያርፍበት ነገር ፈልጊለት፣ በየመሀሉም ቁርጭምጭሚቱን አንቀሳቅሺለት አለኝ።

ይህን ለአማቴ ለአባባ ሀሰኖ ነገርኳቸው። አባባ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ። አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ እንጂ ቆሞ አይተው አያውቁም። "ወንበሩ እንዴት ያለ ነው?" አሉኝ። እኔስ የት አውቄው? አንዷ ስዊድናዊት ነርስ በወረቀት ላይ ሥላ አሳየቻቸው።

ሁለት ወንበር ፊትና ኋላ ደረደሩ። ቱሳን ከኋላው ላይ አስቀምጠው እግሩን ለኩት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የዳማው ኮርቻ ሄደው ሁለቱን እርካቦች ከነጠፍራቸው ፈቷቸው።

ልጃቸው የወደቀበት ኮርቻ ነው። በአዲስ ጠፍር ቢሠሩት ምናለ አልኳቸው።

"አዲስ ጠፍር እግሩን አያውቀውም" አሉ። "ይሄ ያውቀዋል።"

ጠፍሮቹ ከላይ ከፊት ለፊት ወንበር የምግብ ጠረጴዛ ክንድ ላይ እንዲጠለፉ አደረጉ። እርካቦቹን ብረቱ እንዳይጎዳው የበግ ቆዳ ከነጸጉሩ አለበሷቸው። ቀዳዳ እየቀያየርሽ ከፍም ዝቅም ታደርጊዋለሽ፤ ሲበቃሽ ጠቅልለሽ ከረጢት ውስጥ ትከቺዋለሽ አሉኝ። ሐኪሙ ሁለቱም እግሮች እኩል ይሁኑ ስላለ፣ ቀዳዳውን እኩል አድርጌ አሰርኩት።

የሄድን ዕለት አባባ በመኪናው መስኮት እጃቸውን አስገብተው እጄን ያዙኝ።

"ፋጡ... ይዘሽልኝ ነይ።"

"እሺ አባባ።"

"ይዳን አይዳን የአላህ ነው። ብቻ ይዘሽልኝ ነይ።"

"እሺ" አልኩ። ያቺ እሺ ናት እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ እርካቡን ሳንጠለጥል የሚያይ ሁሉ ሳቀ። ቱሳም ሳቀ። እኔ የሠራሁለትን የሹራብ ካልሲ አድርጎ፣ እግሩን አንስቼ እርካቡ ውስጥ ሳስቀምጥለት፣ "ልጓሙስ የት አለ?" አለኝ። በየመሀሉ ቁርጭምጭሚቱን አዞርኩለት፣ ባቱን አሸሁለት። እግሩ ምንም አላበጠም። የአባባን እጅ መረቅኩ።

ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

"ፋጡ..."

"ምነው?"

"ዝም በይ... ተሰማኝ።"

"ምኑ?"

"እርካቡ።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እግሩ እንደነበረው ነው። ጠፍሩ ግን... ሰው እንደቆመበት ሁሉ ግትር ብሎ ተወጥሯል።

ያኔ መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ።

እዚያ ስንደርስ ሐኪሞቹ ወጉት፣ መቱት፣ በመብራት አዩት። ምንም የለም አሉ። ቱሳ አልተከራከራቸውም። እርካቡን ብቻ ከአልጋው ግርጌ እንድሰቅልለት ጠየቀኝ። ቀን ቀን እሱን እያየ ይውላል። ውጭው በረዶ ነው፤ ዛፉ ነጭ፣ መንገዱ ነጭ፣ ሰዉም ነጭ። ከዚያ ሳንባው ታመመ። ሕክምናው ሕመሙን አላቆመውም።

የመጨረሻ ቀኑ ላይ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

"ዳማውን ማን ያጠጣዋል?"

"አባባ አሉ አይደል" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ዝም አለ። በዚያው ዝም አለ።

ሬሳውን እስከ አሰላ ማምጣት አልሆነልኝም። እዚያ ይሠሩ የነበሩ ቱርኮች የሬሳ ሶላት ሰገዱበት። መሬቱ ከቅዝቃዜው ብዛት ድንጋይ ሆኖ በመኪና ነው የቆፈሩት። አፈሩን በእጄ ስነካው እንደ እሳት አቃጠለኝ። ዝናብ ሲጥል እንኳ "ብርድ አይምታህ" እያልኩ ጋቢ የማለብሰውን ሰው፣ እዚያ ውስጥ ጥዬው ሄድኩ።

የመልሱ ጉዞ ላይ ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አውሮፕላኑ ሲነሳ ጀምሮ አባባን ምን እንደምላቸው ነበር የማስበው። ይዘሽልኝ ነይ ብለውኝ ነበር። የያዝኩት ከረጢት ብቻ ነው።

በለቅሶና በመቀመጥ ብዛት የራሴ እግር አብጦ ጫማው አልበቃኝ አለ። ከረጢቱን ከፈትኩ። እርካቦቹን ከፊቴ ካለው ወንበር ላይ አንጠለጠልኳቸው። ጠፍሮቹን እኩል ቀዳዳ ላይ አሰርኳቸው፤ በእጄ ነው ያሰርኳቸው።

ምሳ ተነሳ። አስተናጋጇ ሳህኑን ሰብስባ ሄደች። ጸጥ አለ።

መጀመሪያ ሽታው መጣ...

የረጠበ ፈረስ ሽታ።

ከለምዱ ነው አልኩ። ሞቆት ነው አልኩ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ሲጥ... ሲጥ... ሰው ኮርቻ ላይ ሲመቻች ጠፍር የሚያሰማው ድምፅ።

አውሮፕላኑ ነው አልኩ።

ጫማዬን አወለቅኩና ቀኝ እግሬን ወደ እርካቡ ሰደድኩ።

አልገባም።

ገፋ አደረግኩት...

ቦታ አልነበረም።

እግር ነበረበት። ሙቅ እግር። የሹራብ ካልሲ ያደረገ። ተረከዙ ላይ ክር አልቆብኝ የቋጠርኳትን ቋጠሮ በውስጥ እግሬ ነካኋት። እኔ የሠራሁትን እኔ አላጣውም።

ከዚያ ከእግሬ ሥር... ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ።

አልጮህኩም። ቀስ ብዬ ጎንበስ አልኩና አየሁ።

ባዶ ነው። ለምዱ ላይ ፀሐይ አርፋበታለች። ሌላ ምንም የለም።

ሁለቱም ጠፍሮች ግን ተወጥረዋል። የግራው ደግሞ...

አንድ ቀዳዳ ከፍ ብሎ ታስሯል።

"ቱሳ..." አልኩ በሹክሹክታ።

እግሬን ሰብስቤ ወንበሩ ላይ አጣጥፌ ተቀመጥኩ። አዲስ አበባ እስክንደርስ አላወረድኩትም። ፈርቼ ነበር፤ ያልፈራ ሰው አይደለሁም። ግን ከፍርሃቱ ይልቅ እንዳይጠበው ብዬ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ እግሩ ማረፍ አለበት።

ልናርፍ ስንል አስተናጋጇ እርካቡን ልትፈታልኝ ጎንበስ አለች። ጠፍሩን ያዘች፣ ለቀቀች። ቀና ብላ ባዶውን ወንበር አየችና፣ "እርስዎ ቢፈቱት ይሻላል" ብላኝ መዳፏን እያሻሸች ሄደች።

የመርዶው ቴሌግራም ቀድሞኝ ስለደረሰ፣ አባባ አሰላ አውቶቡስ መውረጃው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እኔ ከረጢቱን ብቻ ዘረጋሁላቸው። ተቀበሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እርካብ ያነሱ ሰው ናቸው፤ ክብደቱን እጃቸው ያውቀዋል።

ፊታቸው ተለወጠ።

"ከባድ ነው" አሉ። አቅፈውት እስከ ቤት በእግራቸው ሄዱ።

በማግስቱ ለቅሶ ተቀመጥን። በድሮው ደንብ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው ላይ ይዞራል። ሼኹ ይህ ነገር ባይደረግ ይሻላል ብለው ለአባባ መከሩ።

"የልጄን ሬሳ አላየሁም" አሏቸው አባባ። "ፈረሱን ልይ።"

ሼኹ አንገታቸውን ደፉ።

አባባ እርካቦቹን ወደ ኮርቻቸው መለሱ። የግራው ቀዳዳ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"አንቺ ነሽ ያሳጠርሽው?"

"አይደለሁም፣ አባባ።"

እንዳለ ተዉት።

ከጭላሎ ተራራ የወረደው የበልግ ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። ጎረቤታችን ሁሴኖ ዳማውን እየሳበ በለቀስተኛው መሀል ያዞረው ጀመር። ሴቱ ደረቱን እየመታ ያለቅሳል። እኔም አለቅስ ነበር፤ ዓይኔ እርካቡ ላይ እስኪያርፍ ድረስ።

ፈረሱ ሶምሶማ ነው የሚሄደው። የኮርቻው ዘርፍ ይወዛወዛል። ልጓሙ ይወዛወዛል። ጭራው ይወዛወዛል።

እርካቦቹ አይወዛወዙም።

ቀጥ ብለው... ወደ ታች ተወጥረው... አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ ብሎ።

ወደ አባባ ዞርኩ። እሳቸውም እዚያው ነው የሚያዩት።

"አባባ... ያዩታል?"

"ዝም በይ ልጄ" አሉኝ በጆሮዬ። "እንዳይደነግጥ።"

ወዲያው ዳማው ከሁሴኖ እጅ አመለጠና ጉሙ ውስጥ ገባ። ወንዶቹ ተንጫጭተው ተከተሉት። እኔ ግን ኮቴውን እሰማ ነበር። የበረገገ ፈረስ ኮቴ አልነበረም። ለስለስ ያለ፣ የተገራ፣ ጋላቢው ልጓሙን ይዞ የሚያስኬደው ዓይነት ነበር።

አባባ እጄን ያዙኝ።

"ወደ ቤት እንሂድ። የሚመጣው ወደ ቤት ነው።"

በራችን ላይ ቆመን ጠበቅን። ሌላ ማንም አልነበረም። ብዙ ቆየን... ከዚያ ዳማው ብቻውን ከጉሙ ወጣ። በላብ ተጠምቋል። ቀስ ብሎ መጣና ቱሳ ዘወትር የሚወርድበት ድንጋይ አጠገብ ቆመ።

ኮርቻው ወደ ግራ ዘመም አለ...

የግራው ጠፍር ተወጠረ፣ ተወጠረ... ሲጥ አለ...

ከዚያ ኮርቻው ቀና አለ። ያ እርካብ ለመጀመሪያ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ባዶውን።

"ነጋን ገልቴ፣ ኢልመ ኮ?" አሉ አባባ። በሰላም ገባህ ወይ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ወደ እኔ ዞሩ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል።

"ይዘሽልኝ መጣሽ" አሉኝ።

ከዚያ ከበሩ ፈንጠር ብለው መንገድ ለቀቁ። እኔም የበሩን መጋረጃ ገለጥ አደረግኩና፣ እስኪያልፍ ድረስ ያዝኩት።